የቭላስታ ሰሌዳ

ሐምሌ እዚያ በጋ ነው፤
ሰማዩ ታጥቦ ያደረ፣ ለዓይን የጠራ ነው፤
ከቀትር ወዲያ ላለው ግን ዋስ የሚሆን ማነው?

በስሎቬኒያ ተራሮች፣ ከጥዱ መስመር በላይ፣
ከኖራ ድንጋዩ ጥግ ቀይ ጣሪያ ጎጆ ሲታይ፣
ደጃፉ ላይ ሰሌዳ አለ፣ ጥቁር፣ ማዕዘኑ የነጣ፣
ሃያ ሁለት በጋ ሙሉ ከቦታው ያልታጣ።
ቭላስታ ጎሕ ሳይቀድ፣ በጉንጯ ዳቦ ይዛ፣
ትጽፋለች በግራ እጇ፣ ፊደሏ እንደ ሐረግ ተጠማዝዛ፦

«የሰሜኑ ሥርጥ፦ በረዶው ገና አልለቀቀም፤
ትናንት ሁለት ሰው አልፎበታል፤ ጠንክሯል፣ አልተሰነጠቀም።
ከላይ ምንጩ ደርቋል፤ ውሃ ከዚሁ ቅዱ፤
ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፤ ሳትሞሉ አትሂዱ።
ከሰባት ሰዓት በኋላ ደመናው ከባሕር ይመጣል፤
ያኔ የብረቱን ገመድ የያዘ፣ መብረቅ ጨብጦ ይወጣል።
ሳሩ መዥገር አለበት፤ ሱሪ በካልሲ ይከተት፤
ድንጋይ ከላይ ሲንኳኳ፣ ሩጫ የለም፤ መለጠፍ ነው ከገደሉ ደረት።»

ይመጣሉ። ያነባሉ። አንዳንዱ ፎቶ ይነሣል፤
ጀርባውን ለጽሑፉ ሰጥቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ይረሳል።
አንዷ በሸራ ጫማ ናት፣ ሶሉ ያለቀ፣ የለሰለሰ፤
«ስልኬ መንገዱን ያውቀዋል» አለች።
ቭላስታ ጫማዋን አየች፤
መልሱ ከጉሮሮዋ ተመለሰ።

መዝገብ አለ። ስም፣ አገር፣ መድረሻ፣ የወጡበት ሰዓት።
ሲመሽ ከገመገሙ ማዶ ለቲኔ ትደውልለታለች፤
እሱ የደረሱትን ይጠራል፣ እሷ በእርሳስ ትሰርዛለች፤
ቤተ ክርስቲያን ለማትስም ሴት
ይህ ነው የማታ ጸሎት።

ያን ማክሰኞ ግን አንድ ስም ሳይሰረዝ መሸ፦
ሉቦሽ፣ ከብርኖ፣ ብቻውን፣ በሰሜኑ ሥርጥ።
«እዚህ የለም» አለ ቲኔ። መስመሩም ተንኮሻኮሸ።
ከዚያ ነጎደ።
ብልጭታና ድምፁን፣ ባንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እየቆጠረች፣
ፋኖስ ይዛ ወጣችና የገዛ ጽሑፏን አነበበች።
«ጠንክሯል።»
ቃሉ ከሰሌዳው ላይ አፈጠጠባት።
ላዩን አይታ ነበር
ለሆዱ የመሰከረችለት።

የቀን ሙቀት ከሥር ሲበላው፣
ውሃ ጓዳ ጓዳውን ሲቦረቡረው፣
በረዶ ፊቱን አይለውጥም፤
ነጭ ነው፤ እንደ ትናንቱ ነው፤ አይናገርም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተገፋ።
አንድ እግሩ እስከ ታፋው ርሷል፤
መዳፉ ተልጧል፤ ቆቡ ጠፍቷል፤
እንደ ሌባ አቀርቅሮ፣ ከደጃፉ ሳያልፍ፣
«ተመለስኩ» አለ፤ «ይቅርታ።»
ይቅርታ! በሁለት እግሩ የመጣ ሰው!
የባቄላና የጎመን ሾርባ ሞልታ አቀረበችለት፤
ማንኪያው እስኪቆም ምንም አልጠየቀችው።

ኋላ ግን፦ «ስንተኛው እርምጃ ላይ?»
አሰበ፣ በጣቱ ቆጠረ።
«አሥራ አራተኛው። እግሬ ሲገባ፣ ከሥር
ወፍጮ ይዞራል መሰለኝ፤ ጨለማው ውስጥ ውሃ ያጓራል።»
በእጅጌዋ አጠፋችው ያን ጠንካራ ቃል፣
ጠመኔዋ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፦
«የሰሜኑ ሥርጥ፦ ተዘግቷል። ትናንት ተሳስቻለሁ።
ከአሥራ አራተኛው እርምጃ በታች ወንዝ አለ።»

እንዲህ ነው ለካ ሰሌዳው የተጻፈው፤
አንዱ መስመር የአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት፣
አንዱ መስመር ጥማት፣
አንዱ፣ ማንነቱን የማትነግረን፣
በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን የምትጽፈው፣
ዝም ብላ የምታልፈው።

ጧት ፀሐይ ወጣች። ሰማዩ እንደገና ታጥቧል።
አንድ ጎረምሳ ከነሻንጣው ከሰሌዳው ፊት ቆሟል፤
ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን አንሥቶ፣ ጥርሱን አሳይቶ።
መስኮቱ ተንኳኳ፤ ሉቦሽ ነው፣
ካልሲውን ከምድጃው ላይ አስጥቶ፣
በባዶ እግሩ፣ በተላጠ መዳፉ መስተዋቱን እየመታ፦
«ዞር በል፤ መጀመሪያ አንብበው!
መሣቁ ይደርሳል ማታ።»